ገመቹ የመረጠው ስለት

ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን በቀስት የሚታደነው መስከረም ላይ ነው። እኛ እዚህ ኩን ራፒድስ ገና በቲሸርት በምንወጣበት ሰሞን፣ ሞንታና ተራራ ላይ ማለዳ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ወንዱ ሴቶቹን ለመሰብሰብ የሚጮኸው ያን ጊዜ ነው። ድምፁ እንደ ዋሽንት ቀጥኖ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ያጓራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው፣ በሬ የሚያህል አውሬ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ያወጣል ብሎ ስለማያምን ዞር ብሎ ሌላ እንስሳ ይፈልጋል። እኔም ፈልጌአለሁ።

እናንተ የመጣችሁት «ጋሽ ታደሰ፣ የትኛውን ብሮድሄድ እንግዛ?» ልትሉኝ ነው። እናቶቻችሁ ብሮድሄድ ምንድነው ካሏችሁ፣ ፍላጻው ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ ስለት ነው በሏቸው፤ ከምላጭ የባሰ። ጥያቄውን በአንድ ቃል መመለስ እችላለሁ። ግን የገመቹን ነገር ሳልነግራችሁ ብመልስ ግማሹን ደብቄ እንደመስጠት ይሆንብኛል። ቁጭ በሉ፤ ያንን ወንበር ሳቡት።

ገመቹ የወለጋ ሰው ነበር፤ ሥራው ነርስ። የተዋወቅነው ኒው ሆፕ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ጎረቤታሞች ሆነን ነው። እኔ ፍሪድሊ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ፣ እሱ ሆስፒታል ያድራል፤ ከሰዓት በኋላ ስንነቃ ፓርኪንጉ ላይ እንገናኛለን። ቀስት ያስያዘኝ እሱ ነው። መኪናው ኋላ ላይ አይቼ «ይሄ ምን ሊሆን ነው?» ብለው፣ «ሰው አእምሮው የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ዲር፣ ትንሹን አጋዘን፣ አብረን አደንን። በባህሪ አንገናኝም፤ እኔ ለፍላፊ ነኝ፣ እሱ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ።

ሥጋውን ለመብላት እኔ መጀመሪያ አመነታሁ። ባለቤቴ «በስመ አብ ተብሎ ያልተባረከ ሥጋ ቤቴ አይገባም» አለች። ገመቹ ጴንጤ ነው፤ ግን የእኛን ሕግ ከእኔ በላይ ያውቅ ነበር። «እቴ፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ ባልዎን ልከው በስመ አብ ማስባል የእርስዎ ፋንታ ነው» አላት። ሳቀች። ከሳቀች በኋላ እምቢ ማለት አልቻለችም።

ኤልክ ግን ዲር አይደለም። ቆዳው ወፍራም ነው፣ የትከሻው አጥንት ጋሻ ነው። ስለዚህ ስለቱን ለመምረጥ ሰመሩን፣ የፈረንጁን በጋ፣ ሙሉ ተከራከርን። እኔ የምወደው ሜካኒካሉን ነበር። ሲበር ስለቱ ታጥፎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲመታ ይከፈትና ሰፊ ቁስል ያበጃል። ገመቹ የሚፈልገው ቋሚውን፣ የማይታጠፈውን ነበር።

«የሚከፈት ነገር ሁሉ አንድ ቀን ሳይከፈት ይቀራል» ይለኛል።

ለበዓል ከአንድ ገበሬ በሬ ገዝተን ቅርጫ ስንገባ፣ ሰው ሁሉ ጎድን ጎድን ሲል ገመቹ የጠየቀው የትከሻውን አጥንት ከነቆዳው ነው። ሳቁበት። ወስዶ ድርቆሽ ላይ አሰረውና «ተኩስ» አለኝ። የእኔ ሜካኒካል አንዱ ክንፉ ተሰበረ፣ ፍላጻው አጥንቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሱ ሳበና ለቀቀ፤ አጥንቱን ሰንጥቆ ድርቆሹ ውስጥ ገባ። «ተረታሁ» አልኩት፤ እኔም ቋሚውን ገዛሁ።

ከዚያ ደግሞ መሳል አለ። ከፋብሪካ ስል ሆኖ ቢመጣም እሱ አያምንም። ክንዱ ላይ ያለውን ጸጉር ላጭቶ ካላየ አይተወውም። «ደነዝ ስለት ግፍ ነው፣ ታዴ። ከሞተ አይቀር ሳይሠቃይ ይሙት» ይል ነበር።

ሁለታችንም ቫኬሽን ወሰድንና ሰሜን ዳኮታን እየተፈራረቅን ድራይቭ አድርገን ሞንታና ገባን። አንድ ገደል አጠገብ ድንኳን ተከልን። አካባቢው የትልቁ ድብ አገር ስለሆነ ሁለታችንም ወገባችን ላይ የበርበሬ ስፕሬይ አሰርን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነፋሱ እየዞረ አስቸገረን። ዱቄት በተን አድርገን ስናየው ወደ አውሬው ይሄዳል። ኮቴ አለ፣ የላሟን የሚመስል ግን ጠበብ ያለ፤ ጥሪ አለ፤ አውሬው ግን ይሸተናል።

አንድ ማለዳ ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ መጣልን። በሬው፣ ወንዱን ኤልክ እንዲያ ነው የምንለው፣ ከበላያችን ጮኸ። ገመቹ ከወደቀ ጥድ ጀርባ ተንበረከከ። እኔ ከኋላው ርቄ በትንሿ መጥሪያ የሴቷን ድምፅ አስመስላለሁ። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ፤ ቀጥሎ ቀንዱ በዛፎቹ መሀል ታየኝ፤ ቀጥሎ ትንፋሹ እንደ ጢስ። ገመቹ ሲስብ አየሁት። ሲለቅ ግን የሰማሁት ጥፊ የሚመስል ድምፅ ብቻ ነው። በሬው ዘሎ ቁልቁል ወረደ።

ስደርስበት ገና ተንበርክኮ ነበር። «ሳንባውን ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ፍላጻውን ከኋላ አፈር ላይ ተሰክቶ አገኘነው፤ በሬውን በስቶ አልፏል። ደሙ ቀላ ያለና አረፋ ያለበት ነው፤ የሳንባ ደም ማለት ነው። ደንቡ መጠበቅ ነውና ተቀመጥን። ዳቦ ቆሎ አወጣሁ፤ እሱ አልበላም። ዓይኑን ጨፍኖ በኦሮምኛ ጸለየ።

ፋናውን ስንይዝ መንገዱ ቀላል ነበር። ቢጫ ቅጠል ላይ ጠብታ፣ ግንድ ላይ የደም ቅብ፣ አፈሩ በኮቴ የተቆፈረበት። እየወረድን ስንሄድ ግን ዱሩ ጥቅጥቅ አለ፤ የወደቀ ግንድ በግንድ ላይ ተደራርቦ ያደናቅፋል። ከፊታችን ቁራዎች ይጮኻሉ።

«ቁራው ቶሎ መጣ» አልኩት።

«እኔም አልወደድኩትም» አለና ቆመ። በሬው ነፍሱ ካልወጣች ለመጨረስ ብሎ አንድ ፍላጻ ከኮሮጆው አውጥቶ ቀስቱ ላይ ደገነ። እኔ ስፕሬዩን በእጄ ያዝኩ።

ቀንዱን አየሁ፣ መሬት ላይ። ከቀንዱ በላይ ቡናማ ነገር ተነሣ። መጀመሪያ በሬው የተነሣ መሰለኝ። ከዚያ ያ ጉብታ ትከሻው፣ ያ ሰፊ ፊቱ። ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ፤ ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ ተሰማኝ። ሩጫውን ሲጀምር አላየሁም፤ እዚያ ነበር፣ ከዚያ እዚህ ሆነ። ጣቴን ተጫንኩ። ብርቱካንማ ደመና በመሀላችን ቆመ። ድቡ ደመናው ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቀርቦ አሳለ፣ ራሱን አራገፈ፣ ዞሮ ጫካውን እየሰባበረ ሄደ።

ዓይኔ ይነዳል፣ ጉሮሮዬ ይነዳል፣ ግን እየሳቅኩ ነበር። «ተረፍን! ገሜ፣ ተረፍን!»

ዞር ስል ግንዶቹ መሀል በጀርባው ወድቋል። ወደ ኋላ ሲል ተረከዙ ተደናቅፎ ነው። ቀስቱ ከሥሩ ተሰብሯል።

«ታዴ» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ፤ «እግሬን እየው እስቲ። አልተሰማኝም።»

ፍላጻው ጭኑ ላይ ገብቶ ብሽሽቱ ድረስ ቀዶ ወጥቷል። ሱሪው ጠቁሮ ነበር። ቀበቶዬን ፈታሁ።

«ቀበቶ አይሆንም» አለ። ድምፁ የሥራ ድምፅ ሆነ፤ ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ነው የሚናገረው ማለት ነው። «በጣም ላይ ነው፣ የሚታሰርበት የለም። ሸሚዝህን አውልቅ። ወደ ውስጥ ጠቅጥቅ። አትዘንልኝ፣ ጠቅጥቅ። አሁን ጉልበትህን ጫንበት። ሙሉ ክብደትህን።»

እንዳለኝ አደረግሁ። በአንድ እጄ የሳተላይቱን መገናኛ አውጥቼ የአደጋውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሄሊኮፕተር ተነሥቷል የሚል መልስ መጣ። አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀ። ስፕሬዩን ጎኔ አስቀምጬ ጫካውን አያለሁ፤ ድቡ ያለበት ጋ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። መነሣት አልችልም፤ ከተነሣሁ ደሙ ይነሣል።

«በረደኝ» አለ። ጃኬቴን ደረብኩለት። ከዚያ አማርኛው ቀረ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሆኖ «ሂን ሶዳቲን» አለኝ። ቆይቶ ደገመው፤ «ሂን ሶዳቲን።» እኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከምግብ ስም በቀር አላውቅም። የሚጸልይ መሰለኝ፣ ወይም የሆነ ነገር የሚለምነኝ። «ምን ላድርግልህ ወንድሜ? በአማርኛ ንገረኝ» አልኩት። እጄን ያዘኝና ያንኑ መለሰልኝ።

ሄሊኮፕተሩ ሲደርስ ጉልበቴ ገና እሱ ላይ ነበር። ሰዎቹ ናቸው ያነሡኝ፤ እኔ እንደሞተ አውቄ ነበር፣ ግን ክብደቴን ማንሣት አቃተኝ።

የካውንቲው ሰዎች ለቤተሰቡ እኛ እንደውል ወይ አሉኝ። «የእኛ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እባካችሁ ሽማግሌ ልላክ» አልኳቸው። ሸሪፉ ደግ ሰው ነበር፣ ታገሠኝ። ያን ቀን ጫልቱ፣ ሚስቱ፣ ደጋግማ ደወለች። ስልኩ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስሟን አያለሁ፣ አላነሣም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎችና ጎረቤቶች ቤቷ ሄዱ። ሲደርሱ በሯን ከፍታ ቆማ አገኟት አሉኝ። እኔ ያን ሰዓት ሰሜን ዳኮታን ብቻዬን እየነዳሁ ነበር።

አዎ፣ ጥያቄ አለህ። በል።

«ግን ጋሼ፣ ሜካኒካል ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

እኔም ራሴን ጠይቄአለሁ። ሲወድቅበት ሜካኒካሉም ይከፈት ነበር ይሉኛል፤ ምናልባት አይከፈትም ነበር የሚለኝም አለ። አላውቅም ልጄ። የማውቀው ገመቹ ልክ መምረጡን ነው። ያ በሬ ብዙ ሳይሄድ ነው የወደቀው፤ ሳይሠቃይ ሞቷል። ልክ ባይሆን ኖሮ ምርጫውን እረግምና ይቀልለኝ ነበር። እንግዲህ ቋሚውን ግዙ። በደንብ ሳሉት። ግን የወደቀ እንጨት ባለበት ስትራመዱ ስለቱ ከመክደኛው አይውጣ፤ አውሬው ፊታችሁ ቆሞ፣ እግራችሁ ጠፍጣፋ መሬት ረግጦ ሲያበቃ ብቻ አውጡት። ቁስል መጠቅጠቅንም ተማሩ። እኔ የተማርኩት ከሚደማው ሰው አፍ ነው።

ለቅሶው ካለፈ፣ ሰው ከሳሳ በኋላ፣ ጫልቱ ጋ ሄድኩ። «በሬውን መታው?» አለችኝ።

«መታው። በአንድ ፍላጻ።»

እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። ቀጥላ መጨረሻ ላይ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቃል ትርጉሙን ሳላውቅ፣ እንዳይጠፋብኝ በመንገድ ሁሉ ስለው መጥቼ ነበር። «ሂን ሶዳቲን» አልኳት፣ በተሰባበረ አፌ።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታደሰ፣ እሱ እኮ ላንተ ነው» አለችኝ። «አትፍራ ነው ያለህ።»

አሁንም መስከረም ሲመጣ ቀስቴን ይዤ እወጣለሁ፤ ድብ የሌለበት፣ ቅርብ ቦታ። ዱሩ ዝም ሲልና ልቤ ሲመታ ቃሉን ለራሴ እለዋለሁ። ትርጉሙን ደኅና አድርጌ አውቄዋለሁ። ድምፁ ግን የእኔው ነው፤ የእሱ አልመጣ ብሎኛል።