የአባቴ ምርቃት ያለበት ካሴት

እናቴ እህቴን አልመርቅም አለች። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ ድንኳን ተተክሏል፤ እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አባቷ ሳይቀድም እኔ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?» አለች።

በቤታችን ደንቡ ይኼው ነው። ልጅ ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ አባት ይመርቃል፤ የተሰበሰበው ሰው በየመሃሉ «ሀ ተኡ» ይላል፣ ይሁን ለማለት፤ ከዚያ እናት ተነሥታ ትቀጥላለች። አባት የሌላትን ልጅ አጎቷ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ይመርቃታል፤ ማንንም ቅር አይለውም። እናቴን ግን ቅር አላት። አጎቴ እኔ አለሁ ብሎ ሲመጣ፣ «የአባቷ ድምፅ እያለ አንተን ምን አስቸኮለህ?» ብላ መለሰችው።

ድምፁ ያለው ካሴት ውስጥ ነው፣ የእኔ ሠርግ ካሴት ውስጥ። እኔ የቤቱ በኩር ነኝ፣ እህቴ የመጨረሻ፤ እኔ ስዳር እሷ ገና ትድህ ነበር። አባቴ በዚያው ዓመት አረፈ። ቪዲዮ አንሺው ካሴቱን ሠርቶ ሲያመጣው ቤታችን የሐዘን ቤት ሆኖ ቆየው። እናቴ በትራስ ልብስ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሐዘኑ ቀለል ሲል ደግሞ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው፣ ዴክ የሚባል ነገር፣ ከየቤቱ ጠፋ። ስለዚህ ያንን ካሴት ከመካከላችን ያየው ሰው የለም።

እህቴ የአባቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም ማለት ነው። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን አልነበረም። ያን ሰሞን እሷው ተናገረችው። «አንቺን ምን ብሎ እንደመረቀ ባላውቅም ግድ የለኝም፤ እንዴት እንደሚናገር ብቻ ልስማው» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ቃሉን እኔ እንዳልነግራት አላስታውሰውም፤ ሙሽራ ምን ትሰማለች? አንገቴን ደፍቼ ሳለቅስ ነው ያለፈው።

ዴክ ፍለጋ ወጣሁ። ነቀምቴ ውስጥ የጠየቅኩት ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሁሉ ሳቀብኝ። አንዱማ «እናት፣ እሱን ሙዚየም ሄደሽ ጠይቂ» አለኝ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ አርጆ ያለችው አክስቴ ቤት ተገኘ፤ ለካ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖላት ኖሯል። ሐሙስ ጠዋት ሄጄ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ተመለስኩ። ረዳቱ «ላዩ ላይ ልጫንልሽ?» ሲለኝ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አየሁት፤ ደግሞ አልጠየቀኝም።

ወንድሜ ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር ስለሚነካካ፣ በቤታችን ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። የዲሹ ሪሲቨር ሲገዛ አብሮ የመጣውን ባለ ሦስት ራስ ገመድ ከካርቶኑ አወጣና ዴኩ ላይ ሰካው፤ ቢጫው ለምስል፣ ቀይና ነጩ ለድምፅ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ጀርባውን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ቢጫ ቀዳዳ የለውም» አለ።

«እንዴት አይኖረውም?»

«የለም አልኩሽ! አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቀይና ነጭ አለ። አዲስ ቴሌቪዥን ከዴክ ጋር አይሄድም በቃ።»

«አርጆ ድረስ ደርሼ መጥቼ አይሄድም ትለኛለህ? ኧረ በጌታ!»

እኛ ስንጨቃጨቅ እህቴ አዲስ የተሠራችውን ፀጉሯን በሻሽ እንዳሰረች ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገባች። ቢጫውን አንሥታ አረንጓዴው ላይ ሰካችው። «ሌላ ቦታ ካጣ እዚህ ይሞከር» አለች። ወንድሜ አይሆንም እያለ ሪሞቱን አነሣ፤ ሶርስ የሚለውን ቁልፍ እየተጫነ ከአንዱ መግቢያ ወደ ሌላው ሄደ። መጀመሪያ ምስሉ ቀለም አልባ ሆኖ መጣ። ሲደግመው ቀለሙም ገባ። በደስታ ስንጮህ እናቴ ሰምታን ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ የተከበረ እንግዳ ሊገባ እንደሆነ ሁሉ ቀና ብላ ተቀመጠች።

የሠርግ መዝሙር ከነኦርጋኑ ቤቱን ሞላው። ሚዜዎቼ አለፉ፤ አበባ የተለጠፈበት መኪና አለፈ። ከዚያ አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከወንበሩ ተነሣ። ወይ አባቴ! ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የማስታውሰው፤ አሁን ሳየው ከእኔ ዕድሜ ብዙም አይርቅም። አፉን ከፈተ። መዝሙሩ ግን ቀጠለ።

«ድምፁን ጨምረው እስቲ» አለች እናቴ።

ወንድሜ ጨመረው፤ የጨመረው መዝሙሩ ብቻ ነው። ቀዩን ነቅሎ በነጩ ሞከረ፤ ነጩን ነቅሎ በቀዩ ሞከረ። በሁለቱም ያው መዝሙር ነው። አባቴ ፊታችን ቆሞ ይናገራል፤ እኛ የምንሰማው ኦርጋን ነው።

ያኔ ገባኝ። በዚያ ዘመን የሠርግ ካሴት ያለ መዝሙር አይሰጥም ነበር። ቪዲዮ አንሺው የሰዉን ንግግርና ጫጫታ ያጠፋና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዝሙር ያስገባበታል፤ ካሴቱ ተሠራ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። መዝሙር የሌለበት ቢያመጣ «ምነው ሳይጨርሰው?» ብለን እንመልስበት ነበር። ሰውዬው አሳምሮ ነው የሠራው። የአባቴ ድምፅ ግን ከዚያ ካሴት ላይ ወጥቶ ተጥሏል፤ ሌላ የትም የለም። ደሜ ፈላ፤ የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ። እናቴን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

እህቴ አላለቀሰችም። «መዝሙሩን አጥፉልኝና ከተነሣበት መልሱት» አለች።

ቀዩንም ነጩንም ነቀልኳቸው። ቤቱ ጭር አለ። ወንድሜ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ አባቴን እንደገና ከወንበሩ አስነሣው። እህቴ ሄዳ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከችና አንገቷን ደፋች። ቴሌቪዥን ፊት መንበርከክ! የቸርች ሰዎች ቢያዩን ምን ይሉናል የሚል መጣብኝ፤ ግን ተነሺ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ።

አባቴ ተናገረ፤ ጥቂት ቆየና ዝም አለ። ከኋላው የቆሙት ሰዎች ከንፈራቸው አንድ ላይ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ቀስ ብላ «ሀ ተኡ» አለች።

አባቴ ቀጠለ፤ ደግሞ ዝም አለ። አሁን ወንድሜና እኔም አልን። ምን እንደሚል አናውቅም፤ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን ከኋላው ያሉት ሰዎች አፍ ያሳየናል። እነሱ ሲሉ እኛም «ሀ ተኡ» እንላለን። እህቴ ቀና አላለችም። በመጨረሻ አባቴ እጁን ዘርግቶ ሙሽራይቱ ራስ ላይ አሳረፈ። ሙሽራይቱ እኔ ነኝ። ያ እጅ እህቴ ላይ ያረፈ ቢሆን ብዬ ከልቤ ተመኘሁ፤ የእኔን ድርሻ እንዳለ ልሰጣት ፈለግኩ።

ወንድሜ «ልድገመው?» አለ።

«ተወው» አለች እናቴ። ከወንበሯ ተነሣች፤ ጉልበቷን ይዛ እህቴ አጠገብ ደረሰች፤ ሁለት እጇን በልጇ ራስ ላይ ጫነች።

«አባትሽ ጨርሷል» አለቻት፤ «አሁን የእኔ ተራ ነው።»