የእንሰት ቅጠል ላይ የተደረደረው ካምቢዮ

ለአረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ባለቤቴ ቡታጅራ ግቢያችን ውስጥ፣ ማርሽ አላስገባ ያለውን የአባቱን አሮጌ ቮልስ ካምቢዮ ፈታ። እናቴ የምትኖረው መስቃን ገጠር ነው። ጉልበቷ ስለደከመ በመኪና ካላመጣናት በዓሉን ብቻዋን ልትውል ነው።

የካምቢዮውን ጥርሶች በወጡበት ተራ የሚደረድርበት ንጹሕ ነገር ጠየቀኝ። ጨርቅ ክር ይተዋል ብዬ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጬ አነጠፍኩለት። ደርድሮ እንደጨረሰ የዙህር አዛን ተሰማ፤ እሱ መስጊድ ሄደ፣ እኔም ቤት ገብቼ ሰገድኩ። ስወጣ ላማችን ቅጠሉን በልታ ጨርሳለች፤ ጥርሱ ሁሉ ተበታትኗል።

«ቅጠል ያነጠፈው ማነው?» አለ ሲመለስ።

«ላሟን ሳያስር የሄደውስ?» አልኩት።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲገጥም ሲፈታ ዋለ። በመጨረሻ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ገቡ፤ ሦስተኛና አራተኛ እምቢ አሉ።

«በሁለተኛ እንሄዳለና» አልኩት።

በበዓሉ ጠዋት ከሶላት በኋላ ተነሳን። የፈረስ ጋሪ ደርሶብን አለፈን።

«ልጎትታችሁ እንዴ?» አለ ባለ ጋሪው።

እናቴን ይዘን ስንመለስ ከኋላ አጠገቤ ተቀምጣ የባለቤቴን ትከሻ መታ መታ አደረገች።

«ተባረክ ልጄ! ሌላው ሹፌር ሲያበርር ነፍሴ ልትወጣ ነው የምትደርሰው። እንዳንተ ረጋ ብሎ የሚነዳ አላየሁም።»

ባለቤቴ በመስታወቱ አየኝ፤ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አልሐምዱሊላህ፣ መኪናዋ እስከ ዛሬ ከሁለተኛ አላለፈችም፤ እናቴም ሌላ መኪና አልሳፈርም ትላለች።