በሦስት ውሃ ያጠብኩት አበባ

ባለፈው ቅዳሜ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ጀርባ ያ ነጭ አበባ ፈክቶ አገኘሁት። ልጄ «ማሚ፣ ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» አለችኝ። መኪና ውስጥ ግቢ አልኳት። እኔም ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ።

አባቴ ኤልደርፍላወር ይለው ነበር፤ የአማርኛ ስም ፈልጎ አጥቶለታል። መጠጥ አድርጎ ማዘጋጀቱን ያስተማረችው በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ሲማር ቤት ያከራየችው አሮጊት ናት። በኋላ ወደዚህ አገር መጥቶ፣ ከአሌክሳንድሪያ ብዙ በማይርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ እየነዳ ሲያሳድገኝ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሥራ ይቀርና ከቤታችን በታች ወዳለው ወንዝ ይዞኝ ይወርዳል። አበባው የሚቆረጠው ጤዛው ሲደርቅ ነው። ስኳር በውሃ ያፈላል፤ በረድ ሲልለት አበባውንና የተቆራረጠ ሎሚ ይጨምርበታል። ከድኖ ያሳድረውና በማግስቱ በነጠላ ቁራጭ አጥልሎ ጠርሙስ ይሞላል። ሲጠጣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበረዛል። ቤቱ ሳምንት ሙሉ ያውዳል።

«እንዳታጥቢው» ይለኝ ነበር፤ «ሽታው ያለው ቢጫው ብናኝ ላይ ነው።»

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ካንሰር ያዘው። የኬሞ መድኃኒቱ የአፉን ጣዕም አበላሸበት፤ ወጡም ሾርባውም አንድ ሆነበት። «አበባው ይድረስልኝ እንጂ፣ እሱን ካሸተትኩ ገና አለሁ ማለት ነው» ይላል። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

ሲደርስ ብቻዬን ወርጄ ቆረጥኩ። ኪችን ስገባ ግን የሆስፒታሉ ነርስ ያለችው ትዝ አለኝ፤ ጀርም እንዳይነካው ሁሉ ነገር ይታጠብ። ደግሞስ ለበሽተኛ ያልታጠበ ነገር ይሰጣል እንዴ? ጎመን እንኳ በሦስት ውሃ ነው የምናጥበው። አበባውንም በሦስት ውሃ አጠብኩት። ውሃው ቢጫ ሆኖ ሲወርድ ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ፤ እኔ ሞኟ።

በማግስቱ ስበርዘው ሎሚ ብቻ ሸተተኝ። ያም ሆኖ ሰጠሁት። አፍንጫው ሥር ይዞ ቆየ።

«አላጠብሽውም አይደል?»

«ኧረ አላጠብኩም» አልኩት፤ እንዳይቆጣኝ ብዬ።

አንዴ ተጎነጨ። «እንግዲያው ሽታው ከኔ ነው የጠፋው» አለ ቀስ ብሎ። «ጎበዝ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ።» ብርጭቆውን ጨርሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እውነቱን ለመንገር ዘጠኝ ቀን ነበረኝ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል አረፈ። ሞቱን ችዬዋለሁ፤ የማልችለው፣ አበቃልኝ ብሎ ያመነው በኔ ቃል መሆኑን ነው።

ቅዳሜ ዕለት ከመኪናው ተመልሼ ወረድኩና አንድ ራስ አበባ ቆርጬ ለልጄ ሰጠኋት። አፍንጫዋ ቢጫ እስኪሆን አሸተተችው።

«አልታጠበም» አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ።