የደጀን ዳገት በሳቅ ሲወራ

ሁለታችንም የክለብ ደመወዝ እየበላን በብስክሌት ስንወዳደር የኖርን ሰዎች ነን። ጉልበት ሲከዳን ጓደኛዬ ባጃጅ ገዛ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ አንድ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። አፋችን ግን ጡረታ አልወጣም። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ወሬ ማዳመጥ በጀመረበት ሰሞን እኛም ፖድካስት ጀመርን። ስቱዲዮአችን ባጃጁ ነበር። ሸራውን ግራና ቀኝ አውርደን፣ ስልኩን መሪው ላይ አስረን፣ ማን የት እንደወደቀ፣ ማን በውድድር መሀል ጠላ ቤት ጎራ እንዳለ እየተበሻሸቅን እናወራለን። በቴሌግራም ስንለቀው አድማጩ ከእኛ ብሶ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ የደጀንን ዳገት አነሳሁ። ከዓባይ ድልድይ ሽቅብ ሁለታችን ቀድመን ስንወጣ የጓደኛዬ የፊት ጎማ ተነፈሰ። ቅያሪ ጎማ የያዘው መኪና ከኋላ ቀርቷል። አሰልጣኛችን በሞተር ደርሰው «ጎማህን ፍታና ስጠው!» አሉኝ። ፈትቼ ሰጠሁት። እሱ አሸነፈ፤ እኔ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌቴን ታቅፌ አስፋልት ዳር ቀረሁ። ይህን ሁሉ የአሰልጣኙን ድምፅ እያስመሰልኩ ነበር ያወራሁት። ጓደኛዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌዎች ቢሮዬ ድረስ መጡ። ሉማሜ የሚኖሩት አሰልጣኝ አዝነዋል፤ ወሬው ይጥፋ ብለዋል። ለጓደኛዬ ስነግረው ደነገጠ።

«ሽማግሌ ይረገጣል እንዴ? እናጥፋውና ድንጋይ ተሸክመን እግራቸው ላይ እንውደቅ» አለ።

«ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ነው። እኔ የሆነውን ነው ያወራሁት። አላጠፋም!»

እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም። ያን ቀን አሸናፊው እኔ መሆን እንደነበረብኝ አንድ ሰው፣ በተለይ እሳቸው፣ እንዲሉልኝ ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ።

ሄጄ ላናግራቸው ግን ተስማማሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ሉማሜ ሄድን። ሽማግሌዎቹ አሰልጣኙ ቤት ቀድመውን ተቀምጠዋል። እኔ ቆምኩና «ጋሼ፣ የዋሸሁት ካለ ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አልኩ።

አሰልጣኙ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አልዋሸህም። ያቃጠለኝ ሳቃችሁ ነው። ያን ቀን ጉልበት የነበረህ አንተ ነህ፤ አይቻለሁ። ግን የክለቡ አለቆች የሚያውቁት የእሱን ስም ነበር፤ ፈራሁ። እኔ ይህን ይዤ አርጅቻለሁ፤ እናንተ ትስቁበታላችሁ።»

ይህን ቃል ስሰማ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ አሳዘኑኝ። ቢሆንም አልተውኩም።

«ጋሼ፣ ይህንኑ ስልኩ ላይ ይድገሙልኝ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። እሳቸው ግን እሺ አሉ። ስልኩን የያዘው ጓደኛዬ ነበር። በሕይወቱ ያሸነፈው ትልቅ ውድድር ያ የደጀኑ ብቻ ነው። አንድም ቃል ሳያስቀር ቀዳ።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ «የምትቆርጠው ካለ ቁረጥ፤ አልቀየምህም» አልኩት።

«እንዳለ ይለቀቅ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።