የጣለ ያነሳል

ቴኳንዶ የተማርኩት አሰላ፣ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ስንዴው ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ እኛ ስንዘል ግን አቧራው ዛሬም ያስነጥሰናል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ክረምት ላይ የጭላሎ ብርድ ሲጨመርበት በባዶ እግር መቆሙ ራሱ ልምምድ ነው። አሰልጣኛችን ከጎጃም ተመድበው የመጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ማስተር እንላቸዋለን። እዚያ ወለል ላይ የወደቀ ስለሚጎዳ አንድ ሕግ አወጡ፦ የጣለ ያነሳል። ተጋጣሚውን በእርግጫ የጣለ ሰው “እኔን!” ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ያነሳዋል፤ ከዚያ ግጥሚያው ይቀጥላል። ያላነሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው።

ለጥቁር ቀበቶ ስበቃ ከተማው ውስጥ አዲስ ቀበቶ ጠፋ። ማስተር የራሳቸውን ከወገባቸው ፈትተው “አዲስ እስኪገኝ የኔን ያዢ” አሉኝ። ጠርዙ አልቆ ነጩ ክር ይታያል። አዲሱ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ለሱቋ ልብስ ልትገዛ ኢስታንቡል ስትሄድ “ሻንጣ የሚሸከም ጉልበተኛ እፈልጋለሁ” ብላ እኔን አስከተለች። ካረፍንበት ሆቴል አጠገብ የቴኳንዶ አዳራሽ ሳይ እግሬ አላስችል አለኝ።

“ያ ረቢ! ከአሰላ ድረስ የመጣሽው ልትራገጪ ነው?” አለች እህቴ። እንዲህ እያለችም ፌስታሎቿን ሰብስባ ተከተለችኝ።

ወለሉ ወፍራም ስፖንጅ ነው፤ ወላሂ ቢያስተኙኝ እተኛ ነበር። አሰልጣኙ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው። ልለማመድ ብዬ ስጠይቀው፣ ከሻንጣዬ የማይለየውን ቀበቶዬን ተቀብሎ ያለቀውን ጠርዝ እያገላበጠ አየና ማን እንደሰጠኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ነገርኩት። “የማላውቀው ሰው የሰጠው ጥቁር ቀበቶ እዚህ አይታሰርም” አለ። “ነጭ ታጠቂ። ስትገጥሚ አይቼሽ እወስናለሁ።” አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

ደሜ ፈላ። ለኔ ቢሆን ነጭም እታጠቃለሁ፤ የተናቁት ግን ማስተር ናቸው። ያንን ቀበቶ በክብር ሳላስመልስ አሰላ ገብቼ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ሰውዬው ያጋጠመኝ ከአንዲት ረጅም፣ ጥቁር ቀበቶ ከታጠቀች ልጅ ጋር ነው። ትንሽ ተጠባበቅንና ዞር ብዬ ተረከዜን ደረቷ ላይ አሳረፍኩት። ዘጭ አለች።

“እኔን!” ብዬ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጎንበስ አልኩ። እሷ ምን በወጣት! ተስፈንጥራ ተነስታ ጆሮ ግንዴን አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

“እኔ ቁሙ ሳልል ማንም ማንንም አያነሳም!” ብሎ ጮኸ ሰውዬው። “እንደገና ካነሳሽ ነጭ እንደታጠቅሽ ትቀሪያለሽ!”

“አንሺ ያለሽ ማን ነው? ዝም ብለሽ ምቺያት!” አለች እህቴ ደግሞ ከግድግዳው ሥር።

ሞኝን እባብ ሁለቴ ነደፈው፣ አንዴ ሳያይ አንዴ ሲያሳይ ይባላል። እኔ ደግሞ መሞኘት አልወድም። ግን የማስተርን ሕግ ጥሼ የማስተርን ቀበቶ ባስመልስ ምን ይረባኛል? ይህን እያሰብኩ እየተሽከረከርን ሳለ ጎኗን ክፍት አገኘሁትና ደገምኳት። ወደቀች።

አሁን ግራ ክንዴን ፊቴ ላይ እንደ ጋሻ አቆምኩ፤ ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት። እንደገመትኩት ከተጋደመችበት እግሯን ሰደደችው። በግራ ክንዴ መለስኩት። ቀኝ እጄን ግን አልሰበሰብኩም። “እኔን አልኩሽ እኮ! ተነሺ እንጂ!” ብዬ ባማርኛ ጮህኩባት። ምኑንም አልሰማችም፤ እጄን ግን አየችው። ቀስ ብላ ያዘችኝና አነሳኋት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ቁሙም አላለ።

ቀጠልን። ለሦስተኛ ጊዜ ስጥላት አልተራገጠችም። እኔ ሳልዘረጋ እሷ እጇን ወደ ላይ ዘረጋችልኝ። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው የለም።

ሰውዬው መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ ቀበቶውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ ራሱ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። “መምህርሽን ሰላም በይልኝ” አሉኝ። አዎ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱ ብያቸዋለሁ። እህቴ ፌስታሎቿን በትና እልልታዋን አቀለጠችው። ኩራት እንዲህ ነው እንዴ ደረት የሚወጥረው? እንባዬ መጣ።

ውጭ እንደወጣን ለማስተር ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ሳላቋርጥ አወራሁላቸው፤ የጣልኩበትን እርግጫ ሳይቀር። ስለ እርግጫው ምንም አልጠየቁኝም።

“ወለሉ ምን ነበር?” አሉ።

“ስፖንጅ ነው፣ ማስተር። እንደ ፍራሽ።”

“ወድቃም አልተጎዳቻ።”

“ኧረ ምንም አልሆነች።”

“እንደዚያም ሆኖ አነሳሻት?”

“አነሳኋት። አሰልጣኙም ቀበቶዎን መለሱልኝ፣ ማስተር።”



“እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ” አሉ፣ “ቀበቶዎን አትበይኝ።”