የቤዛ ቁርጭምጭሚት

«አመመኝ» ያላችሁን ልጅ፣ በእርጋታና በጥሩ ቃል፣ እንዳላመመው አሳምናችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አሳምኛለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም።

አስተማሪ ነኝ፣ ሜልቦርን። ሥራ በጀመርኩበት ክረምት፣ ከትምህርት በኋላ፣ በረዶ ላይ በፍጥነት የሚንሸራተቱ ተማሪዎችን አሰለጥን ነበር። ዜን ስለሚባለው የጃፓኖች የዝምታ ትምህርት አንብቤ ስለነበር ከልምምድ በፊት አስቀምጣቸውና ትንፋሻቸውን እንዲከተሉ አደርጋለሁ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ላስረዳችሁ። ሐሳብ ሲመጣ ታዩታላችሁ፣ ከዚያ ትለቁታላችሁ። ማሸነፍም ሐሳብ ነው፤ እሱንም ትለቁታላችሁ። እንዲህ እያልኩ አስተማርኩ። እኔ ራሴ ግን የዓመቱን ውድድር ዋንጫ ለአንድ ቀን እንኳ ለቅቄው አላውቅም።

ፈጣኗ ቤዛ ነበረች፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ታርኔት ከሚባለው የከተማችን ሰፈር። ውድድሩ ሲቃረብ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ በጣም ያመኛል» አለችኝ። አስቀመጥኳት። «ሕመሙን እዪው፤ አትታገዪው፤ ያልፋል» አልኳት። ትምህርቱ ሌላውን ሰው ዝም ማሰኛ እንዳልሆነ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

እናቷ እትዬ ሰናይት ደወሉ።

«ቲቸር፣ ይቺ ልጅ ስትራመድ አላማረኝም። ስጠይቃት አይም ፋይን ትለኛለች። ለአንተ የነገረችህ ነገር አለ? ሐኪም ጋ ቀጠሮ ቡክ ላድርግላት?»

«ምንም አላለችኝም፣ እትዬ። የውድድር ፍርሃት ነው።»

«እንግዲህ ልጅህ ናት። አንተ ካልክ እኔ ጸሎቴን ልያዝ።»

እኛ ዘንድ ወላጅ ልጁን ለአስተማሪ ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ለራሱ ምንም ሳያስቀር። እኔም ያንን እምነት ተቀብዬ ዋሸሁበት።

በውድድሩ ቀን ቤዛ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ወደቀች። አልጮኸችም። በረዶው ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍስ ነበር። ልክ እንዳስተማርኳት።

ሐኪሙ አጥንቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ እንደነበር ነገረን። እትዬ ሰናይት ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ለእኔስ ደበቅሽ፤ ለቲቸርሽ እንኳ አትናገሪም?»

ቤዛ አየችኝ። እንድናገር ጠበቀችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሶሪ፣ ማሚ» አለች።

የእኔን ጥፋት አንዲት የታመመች ልጅ ስትሸከምልኝ፣ እኔ የዝምታ አስተማሪው ዝም አልኩ። ወጣት ስለነበርኩ ነው? አይደለም። እሷ ከእኔ ታንስ ነበር።

ቤዛ ከዚያ ወዲህ በረዶ ላይ አልወጣችም። ሲበርድ ታነክሳለች። እናቷ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። እስካሁን አልነገርኳቸውም።

በየጠዋቱ አሁንም እቀመጣለሁ። ትንፋሼን ስከተል ያቺ «ሶሪ» ትመጣለች። እለቃታለሁ፤ ተመልሳ ትመጣለች። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሞክሩ። ቁጭ በሉና ተንፍሱ። በእናንተ ፋንታ ይቅርታ የጠየቀ ልጅ ካለ ፊቱ ይመጣል። እሱን አትልቀቁት።