ከማንጎው ጥላ ሥር የተቀባ ቦታ

ባለቤቴ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣው በስኳር በሽታ ነው። አዲስ አበባ ታክሞ ሲመለስ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት ይቀሩት ስለነበር ሥራውን አልተወም። ሁለታችንም ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበርን። እሱ ባለሙያ ሲሆን እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ቀድሞ ያስተምር ስለነበር ግቢው በሙሉ «መምህር» ይለዋል።

ጋምቤላ መኪና የሚያቆም ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና መሪው አይጨበጥም። በግቢያችን ውስጥ ደህና ጥላ ያለው አንድ ትልቅ ማንጎ ብቻ ነበር፤ እሱም ከዋናው በር አጠገብ ነው። ከሥሩ የሚቆመው የኃላፊው መኪና ነበር። ባለቤቴ በክራንች ሲመለስ ኃላፊው ቦታውን ለቀቁለት። ከደረጃው ጎን በሲሚንቶ ተዳፋት መወጣጫ አሠሩ፤ ከማንጎው ሥር በሰማያዊ ቀለም የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት አስቀቡ፤ ከጎኑም ነጭ ሰያፍ መስመሮች አስደረጉ። ሰው ሁሉ አመሰገናቸው። እኔም አመሰገንኳቸው።

ባለቤቴ ሰው ሠራሽ እግር ከሚሠሩበት ቦታ ባለሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን እራት ከበላን በኋላ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ የመምህርነት ልማዱ አልለቀቀውም ነበር። ምልክት ባለበት ቦታ ሌላ ሰው «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብሎም ቢሆን መኪና አያቆምም። ሰያፍ መስመር ያለበት ክፍል ለሞተር ሳይክል የተተወ ትርፍ ቦታ አይደለም፤ በር በደንብ ተከፍቶ ወንበርና ክራንች የሚወርድበት ነው። የሰውን ክራንች ወይም ወንበር ሳያስፈቅዱ አይነኩም። «ምን ሆነህ ነው?» እያሉ አይመረምሩም። ወረቀቱን በማግሥቱ ጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ጥበቃው ከጎግ ወረዳ የመጣ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ ብዙም አያነብም፤ ስለዚህ የራሱን ሕግ አወጣ። አንድ ቀን እኔና ባለቤቴ በመኪና ስንገባ ከወረዳ የመጣ ሾፌር ከማንጎው ሥር ሊያቆም ሲል ጥበቃው በዱላው መኪናውን መታ መታ አደረገው።

«ውጣ! ይሄ የመምህር ቦታ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ካርታ አውጥተህለታል እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«ካርታ እኔ ነኝ። አንተ እግር ቁረጥና ና፤ እሰጥሃለሁ።»

ሾፌሩ ራሱ እየሳቀ ወጣ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ሆኖም ወርዶ ጥበቃውን «የኔ አይደለም እኮ፣ የምልክቱ ነው» አለው።

«ምልክቱ አንተ ነህ፣ መምህር» አለው ጥበቃው።

እኔ ይህን እንደ ክብር ወሰድኩት። ባለቤቴ ግን ራሱን ነቀነቀና ወደ ቢሮው አዘገመ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ለመዝገብ ቤት አንዲት ወጣት ሴት ተቀጠረችልኝ። የኑዌር ልጅ ናት፤ ኒውላንድ ሰፈር ከእናቷና ከትንሽ ሴት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። የትንሿ ልጅ አባት ድንበሩን ተሻግሮ ደቡብ ሱዳን ቀርቷል። ሁለቱም እግሮቿ በልጅነቷ በፖሊዮ ስለተጎዱ ከቤት እስከ ቢሮ የምትመጣው በእጅ በሚሽከረከር ባለሦስት ጎማ ነው። ባለሦስት ጎማው በበር ስለማያልፍ ውጭ ትተወውና በክራንች ትገባለች። ቅጥሯ የስድስት ወር ሙከራ ነበረው። ሙከራውን ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፤ ካላለፈች ትሰናበታለች። አራቱም ሰው በዚያ ደመወዝ እንደሚኖር በመጀመሪያው ሳምንት ነግራኛለች። አራተኛው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ተማሪ ነበር።

ሥራ የጀመረች ዕለት ቀድማን ደርሳ ነበር። ከማንጎው ሥር፣ ከሰማያዊው ምልክት መካከል ላይ ባለሦስት ጎማው ቆሟል። ጥበቃው ለሻይ ወጥቶ ኖሮ አላያትም። እኔ ተናደድኩ፤ ባለቤቴ ግን «ተይው፣ እዚያ ማዶ አቆማለሁ» አለና መኪናውን ከአጥሩ ሥር አቆመ። ከዚያ እስከ በሩ ድረስ መሬቱ ሻካራ ጠጠር ነው። በዚያ ሰሞን የተገጠመለትን ሰው ሠራሽ እግር ገና አልለመደውም ነበር። ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ።

ማታ እግሩን ሳጥብለት የተቆረጠው ላይ ቆዳው ተልጦ አገኘሁ። የስኳር በሽተኛ ቁስል ምን ማለት እንደሆነ እግሩን ያስቆረጠው የመጀመሪያው ቁስል አስተምሮናል። እሱ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር። እኔ የማስበው ቁስሉን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ልጅቷ መዝገብ ስትደረድር ጠጋ ብዬ «የኔ ልጅ፣ ያ ዛፍ ሥር ያለው ቦታ ሰው አለው» አልኳት። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። እኔ በማንም ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

እጇ መዝገቡ ላይ እንዳለ አየችኝ። «ምልክቱ አለ ብዬ ነው፣ እናቴ።»

«የመምህር ነው። ባለቤቴ ነው።»

«እሺ፣ እናቴ። አላወቅሁም።»

በዚህ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ጠበቀን። ባለቤቴ አንድ ሁለት ጊዜ «ያቺ ልጅ የት ነው የምታቆመው?» ብሎ ጠይቆኛል። «ቦታ አግኝታለች» አልኩት። የት እንደሆነ አላየሁም ነበር። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ ነው የሚከፈተው።

ዝናቡ ገባ። ልጅቷ ማርፈድ ጀመረች። አንድ ቀን አሥር ደቂቃ፣ አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ታረፍዳለች። የሰዓት ፊርማው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ ስሟ ትይዩ ቀይ መስመር በዛ። ሁለት ጊዜ «ሰዓት አክብሪ» ብዬ በቃል አስጠነቀቅኋት። የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ይሆናል። አንዳንድ ቀን መዳፏን በመሐረብ ጠቅልላ ትመጣለች። ምን እንደሆነች አልጠየቅኋትም። ባደግሁበት ቤት የሰውን ጉዳት አንስቶ መጠየቅ ነውር ነው፤ ባለቤቴ ያነበበልኝ ወረቀትም አትመርምሩ ይላልና ዝምታዬ ልክ መሰለኝ። እሷም አልነገረችኝም። ሥራዋ ግን እንከን አልነበረውም። ከዓመታት በፊት ጠፉ የተባሉ ሁለት ፋይሎች ያገኘች እሷ ናት።

ስድስት ወሩ ሲሞላ የአፈጻጸም ቅጹ ለእኔ መጣ። «በሥራዋ ትጉና ጥንቁቅ ናት፤ ሆኖም በተደጋጋሚ ታረፍዳለች፤ ለተሰጣት የቃል ማስጠንቀቂያም መሻሻል አላሳየችም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ውሸት አልጻፍኩም። እስከ ዛሬ የሚከብደኝም ይኸው ነው።

የስንብት ደብዳቤዋን ራሴ ወጪ አድርጌ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ከዚያ «መዝገቡን ለማን ላስረክብ?» አለችኝ። ለእኔ አስረከበች፤ አንድም አልጎደለም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ጥበቃው ነግሮታል። ልጅቷ ባለሦስት ጎማውን ስድስት ወር ሙሉ ከውጭው በር አጠገብ፣ ከጥበቃው ቤት ጀርባ፣ ፀሐይና ዝናብ ላይ ነበር የምትተወው። ከዚያ እስከ ቢሮው በር በክራንች ጭቃውንና ጠጠሩን ታልፋለች። ሦስት ጊዜ ወድቃለች። አንድ ጊዜ ጥበቃው ሊያነሣት ሲሮጥ «ተወኝ፣ እንዳይሰሙ» ብላዋለች።

ባለቤቴ መኪናውን አላስነሣም። ወደ ነጩ ሰያፍ መስመር እያየ «ይህን ያህል ሰፊ አድርገው የቀቡት ለምን ይመስልሻል?» አለኝ።

እኔም ወደ መስመሩ አየሁ።

«ባለሦስት ጎማዋን ጠጋ ብታደርገው ለሁለታችን ይበቃ ነበር። እኔ በሬን በመጠኑ እከፍታለሁ። ብትነግሪኝ ኖሮ።»

«ቁስልህን ፈርቼ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ። ከዚያ መኪናውን አስነሣ። በማግሥቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ገብቶ ሊለምንላት ሞከረ። የቅርብ ኃላፊዋ የፈረመችበት ነው ብለው መለሱት። ወጥቶ ከማንጎው ሥር ረጅም ሰዓት ቆመ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢያነሣብኝ እመርጥ ነበር።

ጡረታ ሳይወጣ ሞተ። ልብ ነው አሉ። እኔ ቀድሜው ጡረታ ወጥቼ ነበር።

ከሐዘን በኋላ ለጡረታው ወረቀት ወደ መሥሪያ ቤቱ ስሄድ ከማንጎው ሥር ማንም አልቆመም። ከሰማያዊው ምልክት መካከል ላይ ትልቅ ድንጋይ ተቀምጧል። ጥበቃው በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«እማማ፣ ቦታውን ጠብቄልሻለሁ። ኃላፊው ራሱ አይነካም። አንዱ በዊልቸር መጣ፤ ይሄ የሞተ ሰው ቦታ ነው አልኩት፤ ሄደ።»

«ድንጋዩን አንሣው።»

«መምህር ይቆጣል።»

«መምህር የሚቆጣው በድንጋዩ ነው» አልኩት። «ቦታው መሄድ ለሚቸግረው ሁሉ ነው። ቀድሞ የመጣ ያቆምበታል። ሁለት ከመጡ ይጠጋጋሉ።»

ጥቂት አሰበና «ታዲያ ያቺን ልጅ ለምን አላጠጋጋናትም?» አለ። ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም፤ እውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ድንጋዩን አብረን ገፋነው።

ቤቷን የነገረኝ እሱ ነው። በባጃጅ ኒውላንድ ሄድኩ። በር ላይ ያገኘኋት እናቷን ነበር፤ አማርኛዋ ትንሽ ነው። «የልጅሽ አለቃ ነበርኩ» ስላት ደስ አላት። የፕላስቲክ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ፤ ውኃም ሰጠችኝ። ልጅቷ ትየርኪዲ በተባለው የስደተኞች መጠለያ ነው የምትሠራው፤ ከስደተኞች ጋር አስተርጓሚ ሆናለች። እዚያው ታድራለች፤ በወር አንዴ ትመጣለች። እግዜር አድርጎ የመጣችበት ቅዳሜ ነበር። ከውስጥ በክራንች ወጣች።

ትንሿ ልጅ የአያቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። የወለደቻት «ነይ ወደ እማ» ብትላት አልተንቀሳቀሰችም። እሷም ፈገግ ለማለት እየሞከረች «እማ የምትለው እናቴን ነው። እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ» አለችኝ።

የመጣሁበትን ተናገርኩ። ቦታው የእሷም እንደነበረ፣ ያረፈደችው በእኔ ምክንያት እንደሆነ፣ ሳልጠይቅ እንደፈረምኩ ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ምልክቱን አውቀው ነበር፣ እናቴ» አለች። «ኮሌጅ እያለን አስተምረውናል። ግን እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ እግሩም አዲስ ነው። አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ አለቃዬም ነሽ። ይሄ የኔም ነው ብል ምን ትዪኝ ነበር?»

ምን እላት እንደነበር አውቃለሁ።

«የሞተ ጊዜ ሰማሁ» አለች። «አዝኛለሁ። ሁልጊዜ ሰላም ይለኝ ነበር።»

እናቷ ምን እንደተባባልን ጠየቀቻት። በቋንቋቸው አጭር ነገር መለሰችላት። አሮጊቷ ወደ እኔ ዞራ እጄን ያዘችና «አመሰግናለሁ» አለችኝ። ምን ብላ እንደተረጎመችላት አልጠየቅሁም።

ቤቴ ገብቼ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩ። ማርፈዷ የመጣው እኔ ለአካል ጉዳተኞች ከተመደበው ቦታ ስላስነሣኋት መሆኑን፣ የሰጠሁት ግምገማም ይህን ያላገናዘበ መሆኑን ዘርዝሬ ፈረምኩ። መልስ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የሙከራ ጊዜው ያለፈና ውሳኔውም የተፈጸመ ስለሆነ መለወጥ አይቻልም ይላል። ማመልከቻዬ ከግል ማኅደሯ ጋር እንዲያያዝ፣ እሷም ክፍት መደብ ሲወጣ እንደማንኛውም ሰው መወዳደር እንደምትችል ይገልጻል። ማኅደሯን የከፈትኩት፣ ገጹን የቆጠርኩት፣ በገመድ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። የእኔ ወረቀት የት ቦታ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ከስንብት ደብዳቤው ኋላ ነው።

ዘንድሮ ያው መደብ ክፍት ሆኖ ማስታወቂያ ወጣ። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላትና ደወልኩ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ።

«አየሁት፣ እናቴ» አለች።

«ቦታውም ክፍት ነው። ጥበቃው ያውቃል፤ ሁሉም ያውቃል። ከልጅሽም ጋር ትሆኛለሽ።»

ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ስሟን እየጠሩ ነበር።

«የሙከራው ስድስት ወር አሁንም አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«እኔ ያን ስድስት ወር እንደገና አልችልም» አለች። «እዚህ በየዓመቱ ውል ያድሱልኛል። ወንድሜም ሊመረቅ ነው።»

«ልጅቷስ?» ማለት አልነበረብኝም፤ አልኩ።

«ልጅቷ ለምዳለች፣ እናቴ።»

ሰዎቹ እንደገና ጠሯት። «ይጠሩኛል» ብላ ተሰናበተችኝ፤ ጤናሽን ጠብቂ አለችኝ። ማስታወቂያው ቀኑ እስኪያልቅ ድረስ ሰሌዳው ላይ ቆየ። የመጨረሻው ዕለት ሄጄ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር አየሁ፤ ስሟ የለበትም ነበር።